የቱ ነው የሄደው?

«አንተ ልጅ፣ ያዝ እንጂ! ወደ ኋላ ይዘኸን እየሄድክ እኮ ነው!»

ይህን ብለው የጮኹት ከፊታችን ወንበር የተቀመጡ፣ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ እናት ነበሩ። ጩኸቱ የተላከው ለሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ግን መሪው ላይ አልነበረም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ በርጩማ ስቦ ሻዩን ፉት ይላል። ሞተሩ ጠፍቷል። አውቶቡሳችን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀሰው መስኮታችንን ሞልቶ ከጎናችን ቆሞ የነበረ የጂቡቲ ተሳቢ ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲሳብ እኛ ወደ ኋላ የተንሸራተትን መሰለን። የተሳሳቱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከእኛም አንዱ የፊቱን ወንበር ብረት ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሌላው ደግሞ ፍሬን ያለው ይመስል ወለሉን በእግሩ ረገጠ።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እናትየዋም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ነገሩ ግን አልለቀቀንም።

አራት ሆነን ከአዲስ አበባ የተነሣነው ስለ አሮጌው የባቡር መሥመር ለመጻፍ ነበር። ከአዋሽ ተነሥተን ሸለቆውን ይዘን እስከ ሰመራ ለመውረድ አቅደናል። እንግዲህ አንባቢ ይህ ጽሑፍ ባቡር ባቡር እንዲሸት ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ ትንሽ ይሸታል። ግን የተነሣንበትን ሳይሆን መንገዱ የጠየቀንን መጻፍ ግድ ሆነብን። የጠየቀንም ይህን ነው፦ አንድ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ዓይናችን በምን ያውቃል? ካላወቀስ ማን ይነግረዋል?

ነገሩ ከአዋሽ በፊት አዳማ ላይ ጀምሮ ነበር፤ ልብ ሳንለው ቀረን እንጂ። ከአዳማ በላይ በኮረብታው ጫፍ ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያላየ መንገደኛ የለም። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2004 ዓ.ም.፣ ቀጥሎ የመጡት 102 በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ያለፍነው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰማዩ ከጀርባቸው ነጥቷል፤ እነሱ ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ናቸው። አንዳችን «ወደ ቀኝ ይሽከረከራል» ሲል ሌላው «ኧረ ወደ ግራ ነው» አለ፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ምሰሶ ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ስንገልጥ ደግሞ ይባስ ብሎ የሁለቱም ተገለበጠ።

ይህን ጉድ የአዳማ መንገደኛ አይደለም መጀመሪያ የጻፈው። ዚንስቴደን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1860 ጀምበር ስትጠልቅ የነፋስ ወፍጮ እያየ፣ ክንፎቹ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲዞሩበት ግራ ገብቶት መዝግቦታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥላ ፊትና ጀርባ የለውም። ወፍጮው ፊቱን ሰጥቶናል ብለን ካየን ዙሪያው በአንድ በኩል ይሆናል፤ ጀርባውን ሰጥቶናል ካልን ያው ዙሪያ በተቃራኒው ይሆናል። ዓይን ላይ የሚያርፈው ሥዕል በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ አእምሮ «አላውቅም» ብሎ አይቀመጥም። አንዱን ይመርጣል፤ መርጦም «አየሁ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ካያሃራ የተባለ ጃፓናዊ የሠራት በአንድ እግሯ የምትሽከረከር የሴት ጥላ በየስልኩ ዞራ ጓደኛን ከጓደኛ ያጨቃጨቀችው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ቀኝ የሚያያትም ወደ ግራ የሚያያትም ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነው ሌላውን «ዕውር ነህ» የሚለው ነው።

ወደ አዋሽ ሰባት እንመለስ።

አሮጌው ጣቢያ ዛሬ ባቡር አያልፍበትም። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ፣ በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተጀመረው ሥራ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ፣ ይህን ሸለቆ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለ ነበር ባቡሩን በዋና ከተማቸው ሳያዩት ቀሩ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። በድሮው ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጂቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በዚህ ማደሪያነቷ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ ሥራውን በ2010 ዓ.ም. ጀምሯል፤ እሱ ግን የራሱ ሐዲድና የራሱ ጣቢያ አለው።

በአሮጌው ጣቢያ ስንዘዋወር ያገኘናቸው አንድ አዛውንት፣ እናትየዋ የጮኹትን ጩኸት ስንነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «ይሄማ የጥንት ነው» አሉን። ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሲነሣ፣ «ያለ እኔ ሄደ!» ብሎ ከራሱ ባቡር ዘሎ የሚወርድ መንገደኛ አይጠፋም ነበር አሉ። የሄደው ግን የሌላው ባቡር ነው። «ወርዶ መሬት ሲረግጥ ነው የሚያውቀው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሥዕል ወደ ፊት ሲንሸራተት ሁለት ታሪክ ሊኖረው ይችላል፦ እሱ ወደ ፊት ሄዷል፣ ወይም እኔ ወደ ኋላ ሄጃለሁ። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ሊያስታርቅ የሚችለው በውስጥ ጆሯችን ያለው የሚዛን መሣሪያ ነበር፤ እሱ ግን የሚሰማው ፍጥነት ሲለወጥ ነው እንጂ እኩል የሆነ ጉዞን አይሰማም። ለውጡም በጣም ቀስ ያለ ሲሆን አያስታውቀውም። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚነሣ ባቡር ላይ ጆሮ ዝም ይላል፤ ፍርዱን ዓይን ብቻውን ይሰጣል። ዓይን ደግሞ የቆየ ልማድ አለው፦ ዕይታውን የሞላውን ትልቅ ነገር «ምድር» ነው ይላል። ምድር አትሄድምና «የሄድኩት እኔ ነኝ» ይላል። ኤርንስት ማኽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ እንቅስቃሴ ስሜት መጽሐፍ ሲያወጣ እንዲህ ያሉትን ነገሮች ነበር የሚመረምረው። ባቡር ይህን ስሜት ለሕዝብ አከፋፈለው እንጂ አልፈጠረውም። ሮማዊው ባለ ቅኔ ሉክሬቲዩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕተ ዓመት፣ ፈረሱ ወንዝ መካከል የቆመበት ሰው ውሃውን ወደ ታች ሲመለከት ፈረሱ ሽቅብ የሚወሰድ እንደሚመስለው ጽፏል። ወንዝ በፈረስ የተሻገረ የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን ሳያውቀው አይቀርም።

ስለ አዋሽ ጣቢያ ስንጽፍ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.ን ዘለን ማለፍ አንችልም። በዚያን ቀን አንድ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ በድልድዩ መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ወረደ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያወጋ ሰው ፍጥነት አይታወቅም፤ ከላይ እንዳልነው ጆሮ ለውጥ ካልመጣ አይናገርም። ለውጡ ሲመጣ ደግሞ ለእነዚያ ሰዎች ጊዜ አልነበረም። ከዚህ በላይ እዚህ ላይ የምንለው የለንም።

ሌላም ነገር አውቶቡሱ ውስጥ አይተናል። ያ ተሳቢ ሲያልፍ ከመካከላችን አንዷ ባልደረባችን ወደ መስኮቱ ዞራ አልነበረም፤ የምታየው በሁለቱ መጋረጃዎች መካከል ባለች ቀጭን፣ ቁመታም ክፍተት ነበር። ሸራው በአግድመት ተጠላልፎ በገመድ ታስሯል። እሷ ያየችው ተሳቢ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ገመድ ነው። «መኪና ያለፈ አልመሰለኝም፤ ሰው ከላይ ጭነት በገመድ የሚያወርድ መሰለኝ» አለችን። ሃንስ ቫላኽ እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመንኛ ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። በትንሽ ክፍተት የምትታይ ያጋደለች መሥመር፣ ጫፍና ጫፏ ከተሸፈነ፣ ወደ ጎን ትሂድ ወደ ታች ትውረድ አይለይም። ዓይን መልሱን ከክፍተቱ ቅርጽ ይወስዳል፦ ክፍተቱ ቁመታም ከሆነ መሥመሯ ትወርዳለች ወይም ትወጣለች፤ አግዳሚ ከሆነ ወደ ጎን ትነዳለች። የነገሩን አቅጣጫ የነገረን መጋረጃው ነው ማለት ነው! ይህች ባልደረባችን ኋላም ትመጣለችና አንባቢ እንዳይረሳት።

ከሰዓት በኋላ በ1958 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ፏፏቴው ላይ የሚከተለውን ማንም ሊሞክረው ይችላል። ከሚወርደው ውሃ አንድ ቦታ መርጦ፣ ዓይንን ሳያንቀሳቅሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትክ ብሎ ማየት። ከዚያ ድንገት ከጎኑ ያለውን ጥቁር ዐለት ማየት። ዐለቱ ሽቅብ ይወጣል። ይወጣል፣ ግን የትም አይደርስም፤ ቦታውን ሳይለቅ ይወጣል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1834 በስኮትላንድ በፎየርስ ፏፏቴ አይቶ ጽፎታል። ባርሎውና ሂል እ.ኤ.አ. በ1963 የጥንቸል ዓይን መርምረው፣ አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚጠብቁ ሕዋሳት ብዙ ከሠሩ በኋላ እንደሚደክሙ አሳዩ። የቁልቁሉ ጠባቂ ሲደክም የሽቅቡ ጠባቂ ድምፅ ብቻውን ይሰማል፤ ሚዛኑ ያጋድላል። የቆመ ነገር ቆሞ የሚታየን፣ እንግዲህ፣ ሁለት ተቃራኒ ምስክሮች እኩል ስለሚጮኹ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ጫማችን ረጥቦ፣ ዐለት ሲወጣ እያየን እርስ በርስ እየተያያዝን ነው።

ከአዋሽ በታች ያለው ሸለቆ ራሱ የአቅጣጫ እንቆቅልሽ ነበር። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አያይም። በጂቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ታዲያ ለውጭ ሰው «ይህ ወንዝ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ክፍት ነበር። ኔስቢት እ.ኤ.አ. በ1928 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ወደ ሰሜን አቋረጠ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም እ.ኤ.አ. በ1933 ማብቂያ ከዚያው ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ፤ ዕድሜው 23 ነበር፤ የእኛው እኩያ። በሚቀጥለው ዓመት ከአውሳ ሡልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ ወንዙን እስከ አቤ ተከተለ። እንቆቅልሹ ተፈታ ተባለ። ለአውሳ ሰው መቼ ተቋጥሮ ያውቃል? በየዓመቱ የሚያጠጣው ውሃ የት እንደሚያልቅ አባቱም አያቱም ያውቁታል።

እዚህ ላይ የባቡሩን ጉዳይ ከሸለቆው ታሪክ ጋር የሚያገናኝ አንድ ሙከራ አለ። ካርል ዱንከር እ.ኤ.አ. በ1929 በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ በአንድ ክፈፍ መካከል አስቀምጦ ክፈፉን ወደ ጎን አንቀሳቀሰ። ሰዎቹ ያዩት ግን የቆመችው ነጥብ ስትሄድ ነው። ሕጉ ይህ ነው፦ ከቦ የያዘው ትልቁ ነገር የቆመ ይመስላል፤ የተከበበው ትንሹ ሄደ ይባላል። ልጆች ሆነን ደመና ሲነዳ «ጨረቃ ሮጠች» ያልነው ለዚህ ነው።

ወደ ሸለቆው እንውሰደው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ፤ በላይኛው በኩል የሸንኮራ አገዳ ተተከለ። ወንዙ ሞልቶ የሚያለብሰው የዳር መሬት ግን ባዶ አልነበረም። በበጋ ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ የአፋር ከብትና ግመል የሚያልፍለት በዚያ መሬት ነው። አፋሩ በዝናብ ጊዜ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ በደረቅ ጊዜ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ በዓመቱ ያንኑ ይደግማል። እርሻው መጥቶ ዳሩን ያዘ። ከዚያ ወዲያ በእርሻው በኩል የቆመ ሰው ሲመለከት የሚታየው ምንድን ነው? «ከብት ወደ ጥጡ ገባ።» የእርሻው ክፈፍ ትልቅ ነው፤ ካርታ አለው፣ ቦይ አለው፣ ወሰኑ ላይ ዘበኛ አለው፤ የቆመ ይመስላል። ከግመሉ በኩል የቆመ ሰው ግን ያየው ጥጡ ወደ ሣሩ ሲገባ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መመለሻው ቦታ ተይዞ ነበር፤ የአፋር ሕዝብና ከብቱ ከተጎዱት ሁሉ ክፉኛ ተጎዱ።

ምሳሌውን ከልኩ በላይ መሳብ አንፈልግም። የብርሃን ነጥብ ርስት የላትም፤ አይርባትም። በታሪክ ማን ወደ ማን እንደ ሄደ ለማወቅ ዓይን ሳይሆን ሰነድና ዓመተ ምሕረት አለ፤ ከላይ የዘረዘርነውም እሱን ነው። ግን «ዘላን» የሚለውን ቃል እናስበው። በየዓመቱ ወደሚያውቀው ውሃ የሚመለስን ሰው «የሚዘል» ያለው ማን ነው? ከመንገዱ ላይ ሆኖ፣ በመስኮት፣ ሲያልፍ ያየው መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ በሚገባ ተወያይተን፣ ዓይናችንን እንደማናምን ተስማምተን፣ ሊቅ ሊቅ እየሸተትን ነው እንግዲህ ከሚሌ ወደ ሰመራ በሚኒባስ የተሳፈርነው።

ጎማው የፈነዳው ከመሸ በኋላ ነው። ትርፍ ጎማ አለ፤ ክሪኩ ግን ጥርሱ አልቆ አላነሣ አለ። ሹፌሩ ባትሪ እንዳያልቅ መብራቱን አጠፋ። ጨረቃ የለም። አቧራው ሰማዩን ሸፍኖት ኮከብም የለም። የሙቀቱን ነገር አናነሣም። ከዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ሩቅ፣ አንዲት ነጭ መብራት አየን።

መጀመሪያ አንዳችን «ትሄዳለች» አለ። እውነትም ትሄዳለች። ወዴት? አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ እኛ አለ። ተከራከርን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ተስማማን፦ ከጂቡቲ በኩል የሚመጣ ከባድ መኪና ነው፤ በጥርጊያ መንገድ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። አንዷ ባልደረባችን ብቻ፣ ያቺው የመጋረጃዋ፣ እንዲህ አለች፦

«እኔ እንጃ። ዝም ስትሉ ትቆማለች፤ ስታወሩ ትሄዳለች።»

ሳቅንባት። ረዳቱ ልጅ እግር ነው፤ «የተማሩ ናቸው» ብሎ አመነን። መኪናው አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ጠብቆ ክሪክ ሊለምን፣ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ግማሽ ላስቲክ ውሃ ይዞ ሄደ። ጅብ አለ የሚል ሰው ቢኖርም ድምፁን አልከፍ አላደረገም።

ረዳቱ የተመለሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ብቻውን አልነበረም። ክሪክ በትከሻቸው የያዙ፣ ጊሌ የታጠቁ አንድ አፋር አዛውንት አብረውት አሉ። የአንድ ጠጠር ማምረቻ ዘበኛ ናቸው። መኪና የለም፤ አልነበረም። መብራቷ በእሳቸው ግቢ እንጨት ላይ የተሰቀለች አምፖል ነች።

«እኔ ነኝ የሰቀልኳት» አሉ በአማርኛ። «ሰባት ወር ሆናት። አንድ ቀን ሄዳ አታውቅም።»

ክሪኩን ለሹፌሩ ሰጥተው ከእኛ ዘንድ ቁጢጥ አሉ። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ሰላምታ ተለዋውጦ አያልፍም፤ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ የሌላውንም ይጠይቃል። ይህ ዳጉ ነው። ወሬ ብቻ እንዳይመስለን፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደ ገባ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የተሳሳተ ዳጉ ከብት ይገድላልና የሐሰተኛ ወሬ አቀባይ ነውረኛ ነው። ስለዚህ ያዩት ከሰሙት ተለይቶ ይነገራል። አዛውንቱም ጠየቁን። ማን ቀድሞ አየ? ቆማችሁ ነው ተቀምጣችሁ? ከመብራቷ አጠገብ ሌላ ምን ታያችሁ? ምንም። ተራራ? የለም። ዛፍ? የለም። «ታዲያ ከምን ሄደች?» አሉ።

ከምን ሄደች! መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ነገር ይኸው ነው። በፍጹም ጨለማ ያለች ብቸኛ ብርሃን፣ የምትለካበት ነገር ስለሌለ፣ ራሷ የምትዋልል ትመስላለች። ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1799 በቴኔሪፍ ደሴት ተራራ ላይ ኮከቦች ሲወዛወዙ አይቷል፤ የተወዛወዘ ኮከብ ግን አልነበረም። ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ግን በቱርክ ተወልዶ በአሜሪካ የተማረው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ነው። ሰዎችን በጨለማ ክፍል አስቀምጦ የቆመች የብርሃን ነጥብ አሳያቸው፤ ምን ያህል ሄደች ብሎ ጠየቃቸው። ለየብቻቸው ሲሆኑ እያንዳንዱ የየራሱን ልክ ይዞ ይጸናል። ሁለት ሦስት ሆነው ድምፃቸውን እያሰሙ ሲፈርዱ ግን ቁጥራቸው እየተቀራረበ መጥቶ አንድ ልክ ላይ ይገናኛል። በኋላ ለብቻቸው ሲጠየቁም የቡድኑን ልክ ይዘው ይቀራሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። የቡድኑን ዓይን የራሳቸው አድርገው ወሰዱት እንጂ።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መሥመር አንስቶ በ«እኛ» ነው የጻፍነው። «አየን» ብለናል። ከላይ ያለውን የሌሊቱን ታሪክ ስንጽፍ የየራሳችንን ማስታወሻ ደብተር ገለጥን። በሦስታችን ደብተር «ወደ እኛ የሚመጣ መብራት አየን» ይላል፤ ቃሉ እንኳ አንድ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዳልን የሚናገር አንድም ፊደል የለም። በአራተኛው ደብተር ውስጥ ብቻ ነው ክርክሩ ያለው።

አዛውንቱ ውሃ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ አንድ ነገር ጨምረው ጠየቁ።

«ቆማለች ያለ የለም?»

ባልደረባችንን አሳየናቸው።

«እና ምን አላችኋት?»

መልስ አልሰጠንም። እሳቸውም አልደገሙም፤ ክሪካቸውን ይዘው ወደ መብራታቸው ሄዱ። እንደ ሄዱ ያወቅነው በእግራቸው ድምፅ ነው።

እኩለ ሌሊት አልፎ ሎጊያን አልፈን ሰመራ ገባን። ረዳቱ እያነከሰ በሩን ከፈተ። የሦስታችንን ሒሳብ ቆጥሮ ተቀበለ። የእሷን ግማሹን መለሰላት።